አይዞህ ያለ ወንበር ይሰበስባል

የዝናብ መለኪያውን አናት ነቅላ ወደ ውስጥ ስታጎነብስ ያገኘችው አንዲት የሞተች ጥንዚዛ ነው። ሥራ ነውና ጣሳውን አወጣችና በመስታወቱ መለኪያ ላይ ደፋችው። ጥንዚዛዋ ቃ ብላ ወረደች። እትዬ ሚሊ መስታወቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ የታችኛውን መስመር አየች፤ ወጉ እንዳይቀር ብላ ነው እንጂ የሚታይ ነገር እንኳ የለም። ከጋዋኗ ኪስ ትንሿን ደብተር አውጥታ ቀኑን ጻፈች፣ ሰዓቱን ጻፈች፣ ከዚያም በእርሳስ 0.0 አለች። አርባ አንደኛው ዜሮ።

እናቷ ባወጣችላት ስም አሁን የሚጠራት ሰው የለም። ሚሊሜትር፣ ሚሊሜትር ስትል ስለኖረች ሰዉ “እትዬ ሚሊ” አላት፤ እሷም ለመደችው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከዚህ አጥር ውስጥ ያልተገኘችበት ቀን የለም። እናቷን የቀበረች ዕለት እንኳ መጀመሪያ ለክታ፣ ጽፋ፣ ከዚያ ነው ወደ ለቅሶው የሄደችው። ያኔ የማያማት አልነበረም። ኋላ ግን ሐሜቱ እያደር ወደ ክብር ዞረ፤ እትዬ ሚሊ ከጻፈችው በቃ፣ እሱ ነው ተባለላት።

ወደ ቢሮዋ ገባች። ቢሮ ይባል እንጂ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና አንድ ስልክ ያለባት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ገና በማለዳው ትግላለች። ትልቁን መዝገብ ከፍታ ዜሮውን በእስክሪቶ ገለበጠችና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች።

“ዜሮ፣” አለች።

“ዛሬም?” አለ ቁጥሩን ከወዲያ በኩል የሚቀበለው ሰውዬ። “እትዬ ሚሊ፣ ለምን ይደክማሉ? ሲዘንብ ብቻ ይደውሉልኝ። ዜሮውን እኔው እየጻፍኩ እቆይዎታለሁ።” ሳቀ።

“ያላየኸውን አትጽፍም!” አለችው ኮስተር ብላ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ደህና ዋል እንኳ ሳትለው ስልኩን ዘጋች። ያላየኸውን አትጽፍም! ማን አፍ ላይ ነው ይሄ የሚያምረው? እሷ አፍ ላይ?

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠች። በየቀኑ ትገልጠዋለች፤ ገጹ ከመለመዱ የተነሳ ራሱ ይከፈትላታል። ከአርባ አንድ ቀን በፊት፣ በራሷ እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ 7.2 የሚል ቁጥር ተቀምጧል።

የእርሻ ቢሮው ሕግ ቀላል ነው። በዘር ወር፣ በተከታታይ ሦስት ቀን የወረደው ዝናብ ተደምሮ ሃያ ሚሊሜትር ከሞላ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነው ፒካፕ በየመንደሩ ዞሮ “ዝሩ” ይላል። ካልሞላ ዝም ይላል። ዘንድሮ ዝናቡ አንድ ወር ዘገየ። ሰዉ ጠዋት ጠዋት እየመጣ የአጥሩን ሽቦ ይዞ ይቆም ጀመር። በመጨረሻ መጣ፤ በመጀመሪያው ቀን 7.4፣ በሁለተኛው 5.6። በሦስተኛው ቀን አጥሩ ዙሪያ መቆሚያ ጠፋ። እትዬ ሚሊ ጣሳውን ስትደፋው መስታወቱ ውስጥ የተንጠባጠበው 1.2 ብቻ ነበር። በትንሿ ደብተር እንደወረደ ጻፈችው። ቢሮ ገብታ በመዝገቡ ላይ የመጀመሪያውን አሃዝ፣ አንዱን፣ አሰፈረች። ያኔ ነው በመስኮት ቀና ያለችው። ፊት ለፊት የቆመ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል። እትዬ ሚሊ በልቧ ደመረች፤ አሥራ አራት ነጥብ ሁለት። ውጪና “አልሞላም” በያቸው! እጇ አንዱ አናት ላይ አጭር ጭረት ጨመረ። አንዱ ሰባት ሆነ። ሃያ ነጥብ ሁለት።

ለራሷ ያለችውን ሁሉ አትረሳውም። ሌሊት ነፋስ ነበር፤ ነፋስ ደግሞ ከመለኪያው አፍ ላይ ዝናብ ይወስዳል፤ ይህን የማያውቅ የሥራው ሰው የለም። ደግሞም ነገ ይጨምራል። ነገማ የት ይሄዳል? እንዲህ አለች።

ነገም ዜሮ ሆነ። ከነገ ወዲያም ዜሮ። ዘሩ ጣት ያህል በቀለና በቆመበት ነደደ።

በዚህ ሥራ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም። አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ስሙን ከጎኑ ያኖራል። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እትዬ ሚሊ አርባ አንድ ቀን እስክሪቶዋን ይዛ ገጹ ላይ አፍጥጣለች፤ ዛሬም አፈጠጠችና መዝገቡን ከደነችው።

“እትዬ!”

የወንድሟ ሚስት ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

“ምነው? ደህና አይደላችሁም?”

“ሰኞ ሊሄድ ነው፣ እትዬ።”

“ማን? የት?”

“ወንድምዎ ነዋ! ከተማ። የሕንፃ ጥበቃ አገኘሁ ብሎኛል። በሬዎቹንም ለጎረቤት ሰጠ። ሸጠ አይደለም የምልዎት፤ ሰጠ! እንደ አሮጌ ጫማ።” እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። “እኔም አፌን አልሰበሰብኩም። ያኔ ሳይዘራ አንድ ሳምንት እንጠብቅ ብዬው ነበር። እምቢ አለኝ፤ የእታለም ቁጥር ነው አለኝ። ባለፈው ታዲያ ብስጭት ሲለኝ ‘ብዬህ አልነበር?’ አልኩት። ከዚያ ወዲህ እህል በአፉ ሲዞር አላየሁም።”

እትዬ ሚሊ የጋዋኗን ኪስ በእጇ ሸፈነች።

“እርስዎን ይሰማል፣” አለች ሴትየዋ። “ያንን የቅዳሜ ወንበር ይላሉ አይደል፤ እስቲ ዛሬ ወደዚያ ይውሰዱት። በሞቴ! ከእኔ ጋር አልነጋገር ካለ ከሰው ጋር ይነጋገር።”

“እኔ ልውሰደው?”

“ታዲያ ማን? እናቱም አባቱም እርስዎ አይደሉ?”

በአሥር ሰዓት እወስደዋለሁ አለቻት።

የቅዳሜ ወንበር የሚባለው ጤና ጣቢያው ውስጥ ነው። የጀመረችው ሲስተር ናት። ዝናቡ ከተዛባ ወዲህ ራሴን አመመኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤ ይመታል የሚል ሰው በዛባት። ክኒን ሰጠች፣ አልሆነም። አንድ ቀን አንዱን በሽተኛ “መቼ ጀመረህ?” ብትለው “ወንዙ የደረቀ ለት” አላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ የክትባቱን ክፍል ጠርጋ ስምንት የፕላስቲክ ወንበር በክብ ደረደረችና “የመጣ ይቀመጥ፣ የከበደውን ይናገር” አለች። መድኃኒት የለም፣ ምክር የለም። እዚያ የተባለ እዚያው ይቀራል። ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ አይዞህ ማለት ክልክል ነው።

“ሰው የሆዱን ሊያወጣ አፉን ሲከፍት አይዞህ እንለዋለን፤ እሱም መልሶ ይዘጋዋል፣” ብላቸዋለች ሲስተር በመጀመሪያው ቀን። “አይዞህ የምንለው እኮ አብዛኛውን ጊዜ እኛው መስማት ሲከብደን ነው።”

ቅጣቱም ታወቀ። አይዞህ ያለ ወንበር ይሰበስባል፣ ክፍሉን ይጠርጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም በአንድነት ይሰበስቡ ነበር፤ አይዞህ ሳይል አንድ ደቂቃ የሚቆይ ሰው ከየት ይምጣ!

እትዬ ሚሊ ወንድሟን አስከትላ ስትገባ ሌሎቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ግድግዳው ላይ ክንዳቸውን ለመርፌ የዘረጉ ሕፃናት ሥዕል አለ፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ሲጥ ሲጥ እያለ ይዞራል። ወንድሟ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር መረጠ። ትልቅ ሰውነት ነበረው፤ አሁን ሸሚዙ ብቻ ነው ትልቅ። ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረና እነሱኑ ያይ ጀመር።

“እኔ የመጣሁት ለማራገቢያው ነው፣” አለ ጡረታ የወጣው ሾፌር፣ በየሳምንቱ እንደሚለው። አንድም ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። “ከመጣሁ አይቀር ግን ልናገር። ሠላሳ ዓመት በዚያ ድልድይ ላይ ነድቻለሁ። አሁን ሰዉ ከሥሩ፣ በወንዙ ሆድ ውስጥ ነው የሚያቋርጠው። ትናንት ድልድዩ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁና ... ምን ልበላችሁ፣ አፈርኩ። ለድልድዩ አፈርኩለት። አሁን ይሄ ስሜት ነው?”

“ስሜት ነው፣” አለች ሲስተር።

ቀጥላ ንብ አርቢዋ ተናገረች። ባዶ ቀፎዎቿን አልጣለቻቸውም። “ጠዋት ስነሳ ጆሮዬን ለጥፌ አደምጣለሁ፤ ጭጭ። ባሌ ሲሞት ያለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ። ለንብ! ሰው ቢሰማ አበደች ይለኛል።”

ማንም አይዞሽ አላላትም። ሾፌሩ ከንፈሩን ነክሶ ያዘው፤ ሊያመልጠው ነበር። ሴትየዋ እስኪበቃት አለቀሰች፤ ከዚያ ተናፈጠች።

“እንግዳችንስ?” አለች ሲስተር።

“እኔ የምለው የለኝም። እታለም ናት ያመጣችኝ።”

ሲስተር ዝም አለች። ዝም ማለት ትችልበታለች። ማራገቢያው ዞረ፣ ዞረ።

“እጄ ነው፣” አለ ወንድሟ።

“ምን ሆነ?” አለ ሾፌሩ። ሲስተር በዓይኗ ገሠጸችው።

“ሞተ።” ቀኝ እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሳና የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚመልስ ዘረጋው። “አባታችን ከመዝራቱ በፊት ጣቱን አፈር ውስጥ ይከታል። እስከ ሁለተኛው አንጓ ከራሰ ይዘራል፣ ካልራሰ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔንም ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ጣቴን ከተትኩ። ደረቅ! አንደኛው አንጓ ጋ እንኳ አልደረሰም። ሌላ ቦታ ከተትኩ፤ ደረቅ። እኩለ ቀን ላይ ፒካፑ መጣና ሃያ ነጥብ ሁለት አለ።”

እትዬ ሚሊ ወለሉን አየች።

“እንግዲህ ቁጥሩ የእታለም ነው፣” አለ። “እታለምን ደግሞ ታውቋታላችሁ። እናታችንን ስንቀብር እንኳ ለክታ ነው የመጣችው። እሷ አትሳሳትም። ታዲያ የተሳሳተው ማነው? እጄ ነዋ! ሌላው ሰው ግማሹን ዘርቶ ግማሹን አስቀመጠ። እኔ ግን የእህቴ ቁጥር ነው ብዬ ጎተራዬን ጠርጌ አፈሰስኩት። ይሁን፣ የሁሉም ነደደ። የኔ ሕመም ሌላ ነው። ያን ያህል ውሃ የጠጣ አፈር ውስጥ ገብቶ ደረቅ ነው የሚለኝ እጅ ምን ያደርግልኛል? መሬቱን የማያውቅ ሰው መሬቱ ላይ ምን ይሠራል? ለዚህ ነው የምሄደው። ሚስቴ በእሷ የተቀየምኩ ይመስላታል። እንዴት ብዬ ልንገራት? እጄ ሞተ ይባላል? ከሁሉ የሚብሰኝ ደግሞ ...”

“አይዞህ!” አለች እትዬ ሚሊ።

ጮክ ብላ ነው ያለችው። ሾፌሩ በደስታ እጁን አጨበጨበ።

“ወንበር! ወንበር! እትዬ ሚሊ ራሷ! ጉድ እኮ ነው!”

ንብ አርቢዋ በእንባዋ መሀል ሳቀች፤ ሌሎቹም ሳቁ፤ ወንድሟ እንኳ ፈገግ አለ። ፈገግ ሲል አፉ ተዘጋ፤ እጁም ወደ ጉልበቱ ተመለሰ። ከሁሉ የሚብሰው ምን እንደሆነ ሳይነገር ቀረ።

ሲስተር ብቻ አልሳቀችም። “እትዬ፣ ምን መስማት ከበደዎት?” አለቻት ቀስ ብላ።

“ምንም። አመለጠኝ።”

አላመለጣትም። ልታጽናናው ብላ እንዳልሆነ ታውቀዋለች፤ ዝም እንዲልላት ነው። አንድ ቃል ቢጨምር ልቧ የሚፈርጥ መስሏት ነው። ራሷን ጠላችው።

ሰዓቱ ሲያልቅ ሰዉ እየተሰናበተ ወጣ። ሲስተርም መጥረጊያውን በር ላይ አስደግፋላት በጓሮ በኩል የተኛ በሽተኛ ልታይ ሄደች። እትዬ ሚሊ ወንበሮቹን አንዱን ባንዱ ላይ መደረብ ጀመረች። ወንድሟ ሳትጠራው መጣና ያግዛት ጀመር። ልጅ ሆኖም እንዲህ ነበር፤ እሷ ስትቀጣ አብሮ ይቀጣል።

“ደህና ሰዎች ናቸው፣” አለ ወንበር እያቀበላት። “እውነቴን ነው፣ ቀለል አለኝ።”

“ቀለለህ?”

“አዎ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካወቅህ እኮ ያው ትተኛለህ። ሰኞ ስሄድ ሰማዩንም፣ ሚስቴንም፣ ማንንም ሳልራገም ነው የምሄደው።” ሌላ ወንበር አቀበላት። “አንቺም እንዲህ አትጨነቂ፣ እታለም። ቁጥሩን ሳነሳ ፊትሽ ሲለዋወጥ አየሁሽ። አንቺ ምን አደረግሽ? የወረደውን ነው የጻፍሽው።”

እትዬ ሚሊ ወንበሩን እንደያዘች ቆመች።

ዝም ብትል ምን ይመጣል? ምንም። ሰኞ አውቶቡሱ ይሄዳል። በኪሷ ያለችው ትንሿ ደብተር ልትሞላ ጥቂት ገጽ ነው የቀራት፤ ስትሞላ ትጣላለች፤ የሚቀረው መዝገቡ ነው። ማንም አያውቅም። ብትናገርስ? ሥራዋ ይሄዳል፣ ይሄድ። ያ ባርኔጣውን ያወለቀ ሽማግሌ ይሰማል። አጥሩን ይዘው የቆሙት ሁሉ ይሰማሉ፤ የስንቱ ቤት ዘር ነው የነደደው! ሃያ ስድስት ዓመት የጻፈችውን ሁሉ ከእንግዲህ ማን ያምናታል? ከሁሉ ያስፈራት ግን ይሄ ፊቷ የቆመው ሰው ነው። አዝላ ያሳደገችው ልጅ፣ ከዛሬ በኋላ እታለም ብሎ ላይጠራት ይችላል። ፈራች።

ወንድሟ የመጨረሻውን ወንበር ከእጇ ወስዶ ቁልሉ አናት ላይ አስቀመጠ። በቀኝ እጁ ነው ያስቀመጠው። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

“አለቀ፣” አለ። “እኔ ልጥረግ ወይስ አንቺ ትጠርጊዋለሽ?”

እትዬ ሚሊ ወደ ቁልሉ ሄደች። የላይኛውን ወንበር አወረደች። ሁለተኛውንም አወረደች። ክፍሉ መሀል፣ ጉልበት ለጉልበት እንዲገናኙ አድርጋ ፊት ለፊት አኖረቻቸው።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“ቁጭ በል።”

“አልቋል እኮ! ሰዉ ሄዷል።”

“ቁጭ በል አልኩህ!”

ተቀመጠ። እሷም ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከኪሷ ትንሿን ደብተር አውጥታ የታሰረችበትን ላስቲክ ፈታች። ጥጓ የታጠፈውን ገጽ ገልጣ ሰጠችው።

“ቀኑን አንብበው።”

አነበበ። ቀና አለ። “የዘራሁበት ቀን ነው።”

“ከጎኑ ያለውን አንብበው።”

ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አደረገው። የእርሳሱ ጽሕፈት ደብዝዟል፤ በጣቱ ከሥሩ እየተከተለ ነው ያነበበው። “አንድ ... ነጥብ ሁለት።” ግራ ገባው። “ምንድን ነው ይሄ?”

“ያን ዕለት የወረደው ነው። መዝገቡ ላይ ሰባት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሃያ እንዲሞላ ብዬ። እጅህ ልክ ነበር።”

ገጹን አየ፣ እሷን አየ፣ ተመልሶ ገጹን አየ። ጣቱ ከቁጥሩ ሥር እንደቆመ ነው። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲጠቁር አየችው። ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጣ፤ እሱም ዝም ማሰኛ እንዳይሆንባት ሰግታ ዋጠችው። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

“ከሁሉ የሚብሰኝ ብለህ ጀምረህ ነበር፣” አለችው። “እኔ ነኝ ያቋረጥኩህ። አሁን ጨርሰው።”